የጓሳው ፊልም ዋስ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ወዳጆ፣

እንዴት ከርመዋል? እትዬ ጌታነሽስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ገብሱ ከአውድማ ገባ? እኔ ደኅና ነኝ። ከጓሳ ብርድ በቀር ያልናፈቀኝ ነገር የለም።

በመጀመሪያ ለጠየቁኝ ልመልስ። አይ ጋሼ፣ ውርጭ አይገድለውም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ይባላል። ዓመት ሙሉ ጓሳ ላይ የተቀረጸው ፊልም፣ ሥዕሉም ድምፁም፣ ተጠቃሎ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ብርድ ይችላል፤ እርጥበት፣ አቧራና መውደቅ ግን አይወድም። ስለዚህ «ጎታ ውስጥ ገብስ ሥር ቀብሬዋለሁ፣ ማንም አያገኘውም» የሚለውን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ሰው ባያገኘው አቧራው አግኝቶታል! እባክዎ ዛሬውኑ ያውጡትና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ከምድጃ የራቀ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡልኝ። እትዬ ጌታነሽ የልብስ ሣጥን አላቸው አይደል?

«ሥራው ምንድን ነው? አለቃሽስ ምን ዓይነት ሰው ናት?» ላሉኝ፣ እሳቸውን በአንድ ደብዳቤ መጨረስ አልችልም። ወይዘሮ አመተሥላሴ ይባላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያሳዩ ኖረው አሁን ፊልሙ የሚታይበትን የአዲስ አበባ የፊልም ፌስቲቫል የኮፒ ክፍል ይመራሉ። ክፍሉ ከእርስዎ በረት ይጠባል። እኔ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ፣ ዓመት ከመንፈቅ መሐል ሜዳ ላይ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሳነብ፣ ለፊልሙ ሠሪ ለወንድምአገኝም ካሜራ ስሸከም መኖሬን ያውቃሉ፤ አራት ዓመት የተማርኩት ሁሉ እሳቸው ጣት ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ዲስክ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ ሲሽከረከር ሰምተው፣ «ይኼ ታሟል» ይላሉ። እውነትም ታሞ ይገኛል።

ለእያንዳንዱ ሲኒማ አዳራሽ አንድ ዲስክ ይሰጣል፤ ስለዚህ ከዋናው መገልበጥ አለበት። ዋናውን በአንድ በኩል፣ ባዶውን በሌላ በኩል ማሽኑ ላይ እንሰካለን። መገልበጡ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ የተገለበጠውን ከዋናው ጋር ማመሳከር ሌላ ሁለት ሰዓት። በመጀመሪያው ቀን አረንጓዴው መብራት ሲበራ «ጨርሷል» ብዬ ብነቅለው ወይዘሮ አመተሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «መገልበጡን ነው የጨረሰው። ትክክል መሆኑን የምንናገረው እኛ ነን፤ መልሰሽ ሰኪው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እንኳ የሁለቱን ዲስኮች ቁጥር በወረቀት አትመው በዓይናቸው ካላስተያዩ ፊርማ የለም። እንደ እሳቸው መሆን እፈልጋለሁ። ውሌ ለሦስት ወር ቢሆንም ከዚህ ክፍል መውጣት አልፈልግም።

ቃላችንን አልረሳነውም። ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 በመሐል ሜዳ አዳራሽ እናንተ ታያላችሁ፤ የአዲስ አበባ ሰው የሚያየው በማግስቱ እሑድ ነው። እኛ ጋ ያለው ኮፒም እስከዚያ ተቆልፎበታል።

አክባሪዎ
እየሩስ


ከጓሳ ጥግ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእየሩስ፣

መድኃኔ ዓለም በያለሽበት ይጠብቅሽ። እኛ ምስጋና ይግባውና አለን። ገብሱ ገብቷል። የጌታነሽ ጉልበት እንደኛ መንገድ ሆኗል፤ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል።

ብረቱን ከጎታ አወጣሁት። በጌታነሽ የክት ነጠላ ጠቅልዬ ሣጥኗ ውስጥ ሳስገባው ቆማ ታየኝ ነበር። «እኔን በብርድ እንዲህ ጠቅልለኸኝ ታውቃለህ?» አለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በደብዳቤሽ መጨረሻ «እኛ ጋ ያለው ኮፒ» የምትል ቃል አለች። ሦስት ጊዜ አነበብኋት። መነጽሬን ወልውዬ ደግሞ አነበብኋት።

ወንድምአገኝ ፊልሙን ሠርቶ የጨረሰ ዕለት ሣጥኑን ይዞ መጥቶ፣ ሰባታችን ሽማግሌዎች በተቀመጥንበት፣ ምን አለ? «ፊልሙ ይኸው፤ መያዣ ይሁናችሁ። እናንተ ሳታዩት ማንም አያየውም» አለ። ሰብሳቢያችን ገብረ አማኑኤል «ዋስ ጥራ» ሲለው እዚህ አገር ሰው አልነበረውምና ወደ እኔ ዞረ። እኔ ዋስ የሆንሁት አንቺ «ሰውየው እውነተኛ ነው» ስላልሽኝ ነው። ይህን ቃል ለምን እንደጠየቅን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ከዚህ በፊት የመጡት ፎቶ አንሥተው፣ ጠላ ጠጥተው፣ መርቀናቸው ሄዱ፤ በኋላ ያላልነውን እንዳልን ከገበያተኛ ሰማን። የጓሳውን ሣር እንዳይታጨድ ዓመታት ቆጥረን የምንዘጋው እኛ፣ የምንከፍተው እኛ፤ ስለ ራሳችን መጨረሻ የምንሰማውም እኛ!

እንግዲህ ንገሪኝ። ፊልሙ ያለው እኔ ጋ ነው ወይስ እናንተ ጋ? አንድ በግ ሁለት በረት ሲያድር አላየሁም። እኔ የምጠብቀው ባዶ ሣጥን ነው? ደግሞ ስትገለብጡት ማን አየው? ሳያዩ መገልበጥ አለ? እኔ በልጅነቴ የየኔታን ጸሎት ስገለብጥ ፊደሉን ሳላይ አንዲት ቃል አልጻፍሁም።

ለገብረ አማኑኤል ገና አልነገርሁትም። ከነገርሁት ዋስ ሆኜ ዋሸሁ ማለት ነው፤ ካልነገርሁትም ዋሸሁ ማለት ነው። መልስሽን መሐል ሜዳ ከአውቶቡሱ ሹፌር ተቀብሎ የሚያመጣልኝ ሰው አስቀምጫለሁ።

ወዳጆ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ወዳጆ፣

ዛሬ ይቅርታው ከሰላምታው ይቅደም። ኮፒ እንደሚኖር አስቀድመን ለሽማግሌዎቹ መናገር ነበረብን። ደብዳቤዎን ለወንድምአገኝ ሳነብለት ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ። «እኔ የማውቀውን ሁሉም የሚያውቀው መስሎኝ» አለ። በራሱ እጅ የጻፈውን ይቅርታ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ሳያዩ መገልበጥ አለ ወይ ብለዋል። አለ ጋሼ። ማሽኑ ሥዕል አያውቅም። ተራራውም፣ በጉም፣ የእርስዎ ፊትም ለእሱ ቁጥር ብቻ ነው። እህል ከስልቻ ወደ ስልቻ እንደ መገልበጥ ይቁጠሩት፤ ፍሬውን አንድ በአንድ የሚያይ የለም፣ ግን ሁሉም ይሻገራል። ሣጥንዎም ባዶ አይደለም። ዋናው እሱ ነው፤ የሌላው ሁሉ ትክክለኛነት የሚለካው በእሱ ነው።

ማንም አላየውም። የወይዘሮ አመተሥላሴ ደንብ ከክፍሉ የሚወጣ ኮፒ ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዓይን እንዲታይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አፍርሰውት አያውቁም። የመንዝ ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ ቃል አለባቸው ስላቸው ተነሥተው የመመልከቻውን ስክሪን ወደ ግድግዳ አዞሩት። «እኔም ደንብ አለኝ፣ እነሱም ደንብ አላቸው። ፊቱ የነሱ ስለሆነ የነሱ ይቅደም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻችንን የምንለጥፈው በስክሪኑ ጀርባ ላይ ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። ያ ኮፒ ተበላሽቷል። ባለፈው ሳምንት ለአዳራሾቹ ከእሱ ልንገለብጥ ስንሞክር ሁለት ቦታ ላይ አልነበብ አለ። በመጀመሪያው ጊዜ ማመሳከሩ ተቋርጦ ኖሯል። ከተበላሸ ኮፒ ደግሞ ሌላ ኮፒ አይወጣም። ፊልሙን አጠናቆ የላከው ውጭ አገር ያለ ድርጅት ነው፤ እንደገና ይላክ ቢባል ጉምሩኩን ጨምሮ ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል። በዚህ አገር ያለው ደኅና ፊልም እትዬ ጌታነሽ ሣጥን ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

አራት ኮፒ ያስፈልገናል፤ ሦስት ለአዲስ አበባ አዳራሾች፣ አንድ ለደብረ ብርሃን። ቅዳሜ እናንተ ካያችሁ በኋላ ይምጣ ብንል እሑድ አይደርስልንም፤ መንገዱ አንድ ቀን፣ መገልበጡና ማመሳከሩ ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ ዲስኩ ከዚያ በፊት ለጥቂት ቀን ወደዚህ እንዲመጣ እለምንዎታለሁ። ማንም አያየውም። ለሹፌሩ ቢሰጡት እኔ ላምበረት መናኸሪያ ቆሜ እቀበላለሁ።

ይህን ስጽፍ ምን እንደምጠይቅዎ አውቃለሁ።

እየሩስ


ከጓሳ ጥግ፣ ኅዳር ጽዮን ዕለት፣ 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእየሩስ፣

በዓሉን በሰላም አሳልፈሻል ብዬ አምናለሁ። የወንድምአገኝን ወረቀት አንብቤያለሁ። ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ይመስላል፣ ሐሳቡ ግን የሰው ነው። ስለ ስልቻውም ገብቶኛል። ስክሪኗን ወደ ግድግዳ ያዞረችውን ሴት ጌታነሽ ሰምታ «ይቺማ የኛ ሰው ናት» ብላለች። እኔም እንዲሁ።

ብረቱን ግን ለሹፌር አልሰጥም። መያዣ ከዋሱ እጅ ወጥቶ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከሽንኩርት ጋር ሲሄድ ቢታይ ገብረ አማኑኤል ምን ይለኛል? «ፊልሙን ሳናየው ሸኘኸው» ነው የሚለኝ። እውነቱንም ነው። ይህ እኔን ብቻ የሚነካ እንዳይመስልሽ። ነገ አንዱ ዘመዱ ሲታሰር፣ አንዱ ከጎረቤቱ ሲጣላ፣ ዋስ ሁነኝ ብሎ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ቃሌ አንዴ ከተሰነጠቀ ለማንም አልሆንም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ኮፒው «ተበላሽቷል»፣ ማመሳከሩ «ተቋርጦ ኖሯል»። ልጄ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው የለም? ብረቱ ብቻውን ተነሥቶ፣ ብቻውን ተገልብጦ፣ ብቻውን ተበላሸ? ጓሳ ውስጥ ሣር ታጭዶ ሲገኝ «ታጨደ» ብሎ የሚመጣ ጠባቂ አለ። ያንን ጠባቂ «ማን አጨደው?» እንለዋለን። ብዙ ጊዜ ራሱ ሆኖ ይገኛል።

ማን አቋረጠው?

ሽማግሌዎቹ ፊት ከመቆሜ በፊት ይህን ማወቅ አለብኝ። ግማሽ ነገር ይዤ አልቆምም።

ወዳጆ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ወዳጆ፣

እኔ ነኝ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ወንድምአገኝ ዋናውን ይዞ ወደ እናንተ ሊመጣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ክላክስ ሲያደርግ፣ ኮፒው ተገልብጦ አልቆ ማመሳከሩ ገና ግማሽ ላይ ነበር። ወይዘሮ አመተሥላሴ ስብሰባ ላይ ነበሩ። አረንጓዴውን አየሁ፣ ክላክሱን ሰማሁ፣ «ይኼኔ ጋሼ ወዳጆ መንገድ መንገድ እያዩ ነው» ብዬ አሰብኩ። ምክንያት ለመስጠት አይደለም፤ እንዲያ አሰብኩ። ዲስኩን ነቅዬ ሰጠሁት። ከዚያ ቅጹ ላይ «ተመሳክሯል» በሚለው ፊት ፈረምኩ። መነቀሉ ችኮላ ነው ሊባል ይችል ይሆናል። ፊርማው ግን ውሸት ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጧት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ለወይዘሮ አመተሥላሴ ተናገርኩ። ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልተቆጡም፤ ቅጹን አውጥተው ፊርማዬን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ቆንጆ ፊርማ ነው» አሉ። «ስንት ጊዜ ተለማመድሽው?»

«ዩኒቨርሲቲ እያለሁ፣ ብዙ ጊዜ።»

«እንግዲያው ለጊዜው አሳርፊው። እኔ እስክነግርሽ እዚህ ክፍል ውስጥ ምንም ላይ አትፈርሚም። ሥራሽን ግን ትሠሪያለሽ።»

ከዚያ ወንበራቸውን ጎተት አድርገው፣ አንድ ጊዜ በወጣትነታቸው የፊልም ጥቅል አሳስተው የመጨረሻውን ክፍል ከመካከለኛው በፊት እንዳሳዩ ነገሩኝ። «ተመልካቹ አጨብጭቦ ወጣ። ማንም አላወቀብኝም። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አላጨበጨብኩም» አሉ። ጋሼ፣ እኔ ለሳቸው ያለኝን አክብሮት በየትኛው ቃል እንደምጽፈው አላውቅም። ቢያባርሩኝ ይቀለኝ ነበር።

ለፌስቲቫሉ ኃላፊዎች እሳቸው ራሳቸው ነግረዋል። ውሌ ይራዘም አይራዘም አላውቅም፤ አሁን እሱን አልጠይቅም። እርስዎንም ዲስኩን ላኩልኝ ብዬ ደግሜ አልለምንም። ወንድምአገኝም ተስማምቷል፤ አይሆንም ካሉ ፊልሙ ከፌስቲቫሉ ይወጣል። የሁለት ዓመት ሥራው ነው፤ ቢሆንም «ጋሼ ወዳጆን ከማዋርድ ይቅር» ብሏል። መሐል ሜዳ ላይ የሚታየው ግን አይቀርም።

ይቅርታ የሚለው ቃል አነሰብኝ።

እየሩስ


ከመሐል ሜዳ፣ ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእየሩስ፣

ይህን በችኮላ የምጽፈው አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ነው። ሹፌሩ «ጨርሱ እንጂ አባቴ» እያለኝ ነው።

ደብዳቤሽን ሽማግሌዎቹ ፊት አነበብሁት። ሁሉንም፤ ፊርማውንም ጭምር። አንዱ «እሷ ናት እንዴ ምስክር የሆነችን?» አለ። ቀላል ቀን አልነበረም፤ ከቅዳሴ መውጫ እስከ ተሲያት ተከራከርን። ገብረ አማኑኤል መጨረሻ ላይ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «መያዣው ካንተ እጅ ሳይወጣ መገልበጥ ይቻላል ወይ?» አለኝ።

ይቻላል አልሁ። እኔ አብሬው ከሄድሁ።

ሐሙስ እነሣለሁ። ብረቱ ጭኔ ላይ ይሆናል። ጾም ስለሆነ ስንቄን በሶና ቆሎ ይዣለሁ፤ ስለ ምግብ አትጨነቂ። ማደሪያም አልፈልግም፣ እሱ ባለበት እሆናለሁ። ለአለቃሽ ንገሪያት፤ አንድ ወንበር ብቻ ያስፈልገኛል፣ ማሽኑን የሚያይ።

ጌታነሽ ነጠላዋን አልወስድም ብላለች። ከነነጠላው ነው የሚመጣው፤ እንዳታቆሽሹት።

ወዳጆ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ወዳጆ፣

በሰላም ገቡ? እሑድ አውቶቡሱ ከላምበረት ሲወጣ እጄን እንዳወዛወዝኩ ቀረሁ። ክፍላችን ሰፊ መሰለኝ፤ ወንበርዎን ማንም አላነሣውም።

ወይዘሮ አመተሥላሴ ለመጣ ሰው ሁሉ ስለ እርስዎ እያወሩ ነው። ትናንት ለፌስቲቫሉ ሰዎች ሲያወሩ የሰማሁትን ልቅዳልዎ፦

«ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ሥዕል ሳያይ ማሽን ላይ ዓይኑን ተክሎ የዋለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሻይ ስሰጠው በግራ እጁ ይቀበላል፣ ቀኙ ሣጥኑ ላይ ነው። 'ጋሽ ወዳጆ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ' ስለው 'እሱ ሲያርፍ' ይለኛል።»

ከዚያ የአራተኛውን ዲስክ ነገር ያመጣሉ። እኔ የምናገረው ሲሆን አያምኑም፤ እሳቸው ሲናገሩት ነው የሚያምኑት። የዋናውና የኮፒው ቁጥሮች ከፈረንጅ ፊደል ጋር ተቀላቅለው በየወረቀቱ ታትመው፣ ወረቀቶቹም ጎን ለጎን ተዘርግተው፣ እሳቸው ከአንዱ እያነበቡ እርስዎ በሌላው ላይ በጣትዎ ሲከተሉ፣ የፈረንጅ ፊደሉን እኮ አያውቁትም ነበር! እኔ ልተካዎት ብል «አንቺ ፊደሉን ስለምታውቂው ታነቢዋለሽ፤ እኔ አላውቀውምና አየዋለሁ» አሉኝ። አንዱ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ዲስክ አለፈ። አራተኛው ላይ ጣትዎ ቆመ።

«እዚህ ላይ አንቺ የያዝሽው ፊደል ቀንድ አለው፤ እኔ የያዝሁት ጎዳ ነው፣ ቀንድ የለውም» አሉ።

ወይዘሮ አመተሥላሴ ሁለቱንም ወረቀት አስጠግተው አዩ። ዲስኩን አውጥተው ወደ ጆሯቸው አስጠግተው «ታሟል» አሉ፤ አዲስ ሣጥን ከፍተው በሌላ ተኩትና እንደገና ተጀመረ። ትናንት ይህን ሲያወሩ መጨረሻ ላይ ያሉትን ልጻፍልዎ፦ «በሃያ ሁለት ዓመት ከኔ ቀድሞ ስሕተት ያገኘ ሰው እሱ ብቻ ነው። ፊልሙን ሳላየው ከክፍሌ ሳወጣም የመጀመሪያዬ ነው፤ ግን ተኝቼ አድሬያለሁ።»

አራቱም ኮፒዎች እርስዎ እንዳሰሯቸው፣ በክር ተጠምጥመው፣ ፊርማዎ በላያቸው ላይ እንዳለ ብረት ቁምሣጥን ውስጥ ናቸው። መሐል ሜዳ ታይቶ አበቃ የሚል ስልክ ሳይደወል ክሩ አይበጠስም። እሑድ ጧት ለየአዳራሹ የማደርሰው እኔ ነኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ከእናንተ ጋር አልሆንም። ሲከፋኝ ሰንብቷል፤ ዓመት ሙሉ ካሜራ ተሸክሜ ጓሳ ላይ ወጥቼ ወርጄ፣ ሰዉ ራሱን ሲያይ ማየት ነበር ምኞቴ። ግን አሁን ቦታዬ ከቁምሣጥኑ ፊት ነው። እርስዎ አይተው ይጻፉልኝ። ማን ሳቀ፣ ማን ዝም አለ፣ ሁሉንም።

በአውቶቡሱ መስኮት «ይኼ ብረት ስንት ዓመት ይኖራል?» ብለው ሲጠይቁኝ መኪናው ተነሣ። እውነቱን ልንገርዎ። ብዙ አይኖርም። አምስት ዓመት፣ ቢበዛ አሥር። ሣጥን ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦም ያረጃል። ፊልሙ እንዲቆይ ከተፈለገ ሳይሞት በፊት ወደ አዲስ መገልበጥ፣ ማመሳከር፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና። ማለቂያ የለውም። ይህን ብነግርዎ ያዝናሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ግማሽ ነገር አልጽፍልዎትም።

አክባሪዎ
እየሩስ


ከጓሳ ጥግ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእየሩስ፣

አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ታይቷል። እናንተም ዘንድ እሑድ በሦስቱም አዳራሽ ያለ እንከን እንደታየ፣ ሰውም ቆሞ እንዳጨበጨበ ወንድምአገኝ በስልክ ሰምቶ ነግሮኛል። ለወይዘሮ አመተሥላሴ እጅ ነሥቻለሁ። እሷስ አጨበጨበች?

ማን ሳቀ ብለሻል። ሁሉም። አዳራሹ ሞልቶ ከሞላሌ ድረስ የመጣ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። ገብረ አማኑኤል ራሱን ግድግዳውን አክሎ ሲያይ፣ ተቀምጦ ሳለ፣ ጋቢውን አስተካከለ። እዚያ ያለው ጋቢ አልተስተካከለም። በጎቹ ሲመጡ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «ያቺ የኔ ናት!» ብሎ ተነሣ፤ ጎረቤቱ «ቁጭ በል፣ ሸጠሃታል» አለው። ጌታነሽ እኔን ስታይ «እዚያስ ደኅና ሰው ትመስላለህ» አለችኝ። ከዚያ ጓሳው የተከፈተ ዕለት ሰዉ ማጭዱን ይዞ ሲወርድ የሚያሳየው ቦታ ላይ ሲደርስ ማንም ምንም አላለም። ያን ልጽፍልሽ አልችልም። መጥተሽ ማየት አለብሽ።

ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ወንበር አዙረው ተቀመጡ። ገብረ አማኑኤል «ያልነው ነው ያለው፤ ያላልነው የለበትም። ወዳጆ፣ ከዋስትናህ ወርደሃል» አለ። ትከሻዬ ላይ የነበረውን ያወቅሁት ሲወርድ ነው።

ገና ሳልቀመጥ የጻፍሽልኝን አነሣሁ፤ ብረቱ በአምስት ዓመት እንደሚያረጅ፣ ከዚያም መገልበጥ እንዳለበት። አዘኑ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ገብረ አማኑኤል «ጓሳውም እንደዚያው ነው፤ አጭደን ዘግተን አጭደን ዘግተን ነው እዚህ የደረሰው» አለ። እዚያው ደንብ አወጡ። ጓሳው ታጭዶ በተዘጋ ቁጥር ፊልሙ ወደ አዲስ ብረት ይገለበጣል፤ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ አሮጌውና አዲሱ ሳይመሳከር ከቦታው የሚነሣ የለም። በመዝገብ ተጽፏል።

«የሚገለብጠው ማነው?» ተባለ። ስምሽን ጠራሁ።

ከዳር የተቀመጠው «ያቺ ሳታመሳክር የፈረመችው አይደለችም?» አለ።

«ናት» አልሁ።

«ራሷ ተናገረች ወይስ ተያዘች?»

«ጠየቅኋት፤ ተናገረች። ሳልጠይቃት ግን አልተናገረችም።» አልሸፈንሁልሽም። መሸፈን አላስፈለገኝም።

ገብረ አማኑኤል ጢሙን አሻሸ። «ሥራው የዕድሜ ልክ ነው» አለ፤ «ልጅቱም ወጣት ናት፤ ዛሬ አዲስ አበባ ናት፣ ነገ የት እንደምትሆን አናውቅም። አንዴም ስታለች። እንዲሁ አንሰጣትም። ዋሷ ማነው?»

ከተነሣሁበት ገና አልተቀመጥሁም ነበር። ጌታነሽ ከሴቶቹ መካከል ሆና «አሁን እንኳ ለአንድ ሌሊት ቢያርፍ ምናለ!» ስትል ሰማኋት።

እንግዲህ ሥራሽን እዚያም በርትተሽ ሥሪ፤ ሲጠሩሽ ትመጫለሽ። መዝገቡ ላይ ስምሽ አለ፤ ከሥሩም የእኔ።

ዋስሽ
ወዳጆ